ቀስ ብለን ስንሄድ ተገናኘን

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ወይም ስለ ቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ሳታነሡ፣ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ለአንድ ሰዓት ብቻ የተጫወታችሁት መቼ ነው? እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ይህን ጥያቄ ለራሳችን ስናቀርብ ሁለታችንም መልስ አጣን።

ከተጋባን 22 ዓመት ሆኖናል። የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ነው። ባለቤቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደማንኛውም ሰው ሥራ ይሠራል፤ ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መጋቢ ነው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነኝ። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። የቤታችን ጉዳይ የሚመራው ፍሪጅ ላይ በምንለጥፋት ወረቀት ነበር።

አንዲቷ ልጃችን በነሐሴ መጨረሻ ኮሌጅ ገብታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። እርሷን ሸኝተን በተመለስንበት ምሽት ሳላስበው ለሦስት ሰው የሚበቃ እራት ሠርቼ አቀረብኩ። ሁለት ሆነን ተቀመጥን። ከምርቃቱ በኋላ የምንለው ነገር ጠፋን። ለካ ለብዙ ዓመታት እርስ በርሳችን የምንነጋገረው በልጃችን በኩል ኖሯል!

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የባለቤቴን መድከም አይተው ኖሮ የሁለት ሳምንት ዕረፍት በግድ ሰጡት። «ስልክህን ለእኛ ተውልንና ሂድ» አሉት። ወዴት እንሂድ ስንባባል አንዲት እኅት «ለምን የቤት መኪና ተከራይታችሁ በባሕሩ ዳርቻ አትወርዱም?» አለችን። ባሕር በሌላት አገር ተወልደን ያደግን ስለሆንን ሐሳቡ ወዲያው ገባን።

ቤትም መኪናም

የቤት መኪና፣ በአሜሪካ አጠራር አር.ቪ. ወይም ሞተርሆም፣ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ ትንሽ ቤት ማለት ነው። እኛ የተከራየነው 7 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። በውስጡ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በጋዝ የሚሠራ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት አለው። ይህን የሚያክለውን ለመንዳት የተለመደው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ነገር ግን ነዳጅ ይጠጣል፤ እንዲህ ያለ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ከ24 እስከ 30 ሊትር ቤንዚን ሊፈጅ ይችላል።

ከወለሉ ሥር ሦስት የውሃ ታንከሮች አሉ። አንደኛው የንጹሕ ውሃ ነው። ሁለተኛው የዕቃና የገላ እጣቢ የሚጠራቀምበት ሲሆን ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው። በየካምፑ መብራትና ውሃ በመስመር የሚገጠምባቸው ቦታዎች፣ እንዲሁም ታንከሮቹ የሚራገፉባቸው ጉድጓዶች ተዘጋጅተዋል። ባለቤቴ መኪናውን ሲረከብ ይህን ሁሉ በደብተር ጻፈ። በሌላኛው ገጽ ላይ ግን የራሱን ዕቅድ ጽፎ ነበር፦ ከሲያትል እስከ ሳንዲያጎ፣ ከዚያም መልስ። መሄጃው ብቻ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። የእያንዳንዱ ቀን መነሻና መድረሻ ሰዓት ሳይቀር ተቀምጧል። አይቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን መስማማት አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

መስከረም ሲጠባ ወጣን። በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ላይ የዋሽንግተንና የኦሪገን ግዛቶችን የሚያገናኝ ድልድይ አለ። በ1966 የተከፈተ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ርዝመቱ ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነው። ሲጨልም ተሻግረን አስቶሪያ ከተማ ገባን። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ባለው ፎርት ስቲቨንስ በሚባል የግዛቱ ፓርክ ውስጥ አደርን። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ሄድን። በእግር ሊደረስበት የሚችለውን ባሕር እንኳ አላየንም።

በዚያ ቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዝን። የኦሪገን የባሕር ዳርቻ መንገድ፣ ቁጥር 101 የሚባለው፣ ለሩጫ የተሠራ አይደለም። በገደል አፋፍ ይጠማዘዛል፣ ወደ ጫካ ይገባል፣ በትንንሽ ከተሞች መካከል ያልፋል። በየቦታው «ውቡን ሥፍራ እዩ» የሚሉ ምልክቶች አሉ። እኔ በመስኮት እያየሁ «እዚህ እንቁም» ስል እሱ ሰዓቱን እያየ «ስንመለስ» ይላል። ከኋላችን መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ ሲነፉ ደግሞ ይብሱን ይቸኩላል።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ የቁም ሳጥኑ በር ተበርግዶ የሽሮው ጣሳ ወደቀ። ሽሮው በወለሉ፣ በአልጋው፣ በጫማችን ላይ ተበተነ።

«ለምን አልዘጋሽውም?» አለኝ።

«አንተስ ለምን አታቆምም?» አልኩት።

ጥያቄዬ ስለ መኪናው ብቻ እንዳልነበረ ሁለታችንም አውቀናል። ኒውፖርት የምትባል የወደብ ከተማ እስክንደርስ ቃል አልተነጋገርንም።

በር የሌለው ቤት

እቤት ስንጣላ እሱ ወደ ቢሮው፣ እኔ ወደ ማድ ቤት እንሄዳለን። በቤት መኪና ውስጥ ግን መሄጃ የለም። ከአልጋው እስከ መሪው ድረስ አሥር እርምጃ አይሞላም። እኔ የሹፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ ሽሮውን ይጠርጋል። ጥቂት ቆይቶ መጥረጊያውን እንደያዘ መጣና ተቀመጠ።

«ስቆም ይጨንቀኛል» አለኝ። «አዲስ ስብከት ካዘጋጀሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። የድሮውን እያገላበጥኩ ነው የምሰብከው። መጽሐፉን ስከፍት ውስጤ ደረቅ ነው። ይህን ለማን እነግራለሁ? መጋቢ ነኝ።»

ለሦስት ወር በአንድ ቤት ስንኖር አላወቅኩም ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ርኅራኄ ሳይሆን ቁጣ ነው። «ማንም ሌሊት ሲደውል ታነሣለህ፤ እኔ ግን አንተን ለማግኘት ፍሪጅ ላይ እጽፋለሁ» አልኩት። ለዓመታት የቋጠርኩት ሁሉ ወጣ። አላቋረጠኝም፣ አልተከላከለምም። ብዙ ሰዓት ተነጋገርን። መፍትሔ አላገኘንም፤ ነገር ግን ማናችንም ተነሥተን ልንወጣ አልቻልንም። ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ጠዋት ላይ ዕርቅ ይሁን ብዬ ቡና ለመቁላት ተነሣሁ። በትንሿ ምድጃ ላይ ቡናው ጭስ ማውጣት ሲጀምር የጭስ ማስጠንቀቂያው እሪ አለ! ባለቤቴ በፒጃማ ብድግ ብሎ በፎጣ ሲያራግብ፣ እኔ መስኮት ስከፍት፣ ከጎናችን ካለው መኪና አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ከባለቤታቸው ጋር እየሮጡ መጡ። የሆነውን ስንነግራቸው ሳቁ፤ እኛም ከብዙ ጊዜ በኋላ አብረን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ቡናውን በደጅ በካምፑ ጠረጴዛ ላይ አፈላሁት። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጡ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየዓመቱ እንዲህ እንደሚጓዙ ነገሩን። «በመጀመሪያው ዓመት ያየነው መንገዱን ብቻ ነው» አሉ አዛውንቱ። ከዚያም በቤት መኪና ተጓዦች ዘንድ የታወቀ አንድ ልማድ አስተማሩን፤ የሁለት የሁለት የሁለት ሕግ ይባላል። በቀን ከ200 ማይል (320 ኪሎ ሜትር ያህል) በላይ አትንዳ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ቦታህን ያዝ፤ በአንድ ቦታ ቢያንስ 2 ሌሊት እደር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የደከመ ሹፌር አደጋ ያደርሳል፤ በጨለማ የሚገባ ሰው ቅርንጫፍና ድንጋይ አያይም፤ በየቀኑ ቤቱን የሚነቅልና የሚተክል ደግሞ አያርፍም።

ባለቤቴ ደብተሩን አወጣና የሳንዲያጎውን ዕቅድ ቀደደው። «ወዳለፍነው እንመለስ» አለኝ። ሕጉንም ለራሳችን አጠበቅነው፤ ወደ መጀመሪያው ከተመለስን በኋላ በቀን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳንነዳ ተስማማን።

እንደገና ጀመርን

ወደ ፎርት ስቲቨንስ ተመለስን። በዚያ የባሕር ዳርቻ ላይ በ1906 ወንዙን ለመግባት ስትሞክር አሸዋ የያዛት ፒተር አይርዴል የምትባል መርከብ ቅሪት አለ። በአደጋው የሞተ ሰው አልነበረም፤ መርከቧ ግን እዚያው ቀረች። ዛሬ የብረት የጎድን አጥንቶቿ ከአሸዋው ወጥተው ይታያሉ። መጀመሪያ ስንመጣ በአጠገቧ አድረን ሳናያት ነው የሄድነው። አሁን እስኪመሽ ድረስ በዙሪያዋ ተራመድን።

በኦሪገን አንድ ያስደነቀኝ ነገር አለ። ከአስቶሪያ እስከ ካሊፎርኒያ ወሰን ድረስ 584 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። ሀብታም ገዝቶ አጥር ሊያጥረው አይችልም። በቀድሞ ዘመን መንገድ ስላልነበረ ሰዎች በፈረስና በጋሪ የሚጓዙት በባሕሩ ጠርዝ አሸዋ ላይ ነበር። አገረ ገዢው ኦስዋልድ ዌስት ይህን ምክንያት አድርገው በ1913 የባሕሩ ዳርቻ «የሕዝብ አውራ ጎዳና ነው» የሚል ሕግ አስወጡ። በ1967 ደግሞ ሕዝቡ በደረቁ አሸዋም የመጠቀም መብቱ በሌላ ሕግ ተጠበቀለት። ስለዚህ መኪናችሁን አቁማችሁ በፈለጋችሁበት ብትራመዱ «የማን ነው?» የሚላችሁ የለም።

ካነን ቢች በሚባለው ቦታ ከውሃው ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ 72 ሜትር ከፍታ ያለው ዓለት አለ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ እስከ ዓለቱ ሥር በእግር ይኬዳል። የሚሸሽበት ሰዓት በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ከሰንጠረዥ መመልከት ያስፈልጋል። እኛ በማለዳ ሄደን ከዓለቱ ሥር በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ብርቱካናማና ወይን ጠጅ የባሕር ኮከቦች አየን። መጀመሪያ ምንም የሌለ ይመስላል። አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ስታዩ ግን ሸርጣኑ ይንቀሳቀሳል፣ ድንጋይ የመሰለው ነገር አፉን ይከፍታል። ባለቤቴ ተንበርክኮ ነበር የሚያየው። ሰዓቱን አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወረድን። በቲላሙክ ገበሬዎች በ1909 ያቋቋሙትን የአይብ ማኅበር ፋብሪካ ጎበኘን። በመስታወት በኩል አይቡ ሲቆረጥ እያየን አይስክሬም በላን። የምግብ ነገር ከተነሣ፣ ከሲያትል የያዝነው እንጀራ በፍሪጁ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ቆየልን። የተረፈችውም ሽሮ በቃችን።

በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር

ዴፖ ቤይ የምትባለው ከተማ መንገዱ ከባሕሩ አፋፍ ጋር ይገናኛል። እዚያ በአጥሩ ላይ ተደግፈው ውሃውን የሚመለከቱ ሰዎች አገኘን። የሚጠብቁት ግራጫውን ዓሣ ነባሪ ነው። እኛም ቆመን ጠበቅን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ ጭስ የመሰለ ውሃ ከባሕሩ ላይ ተረጨ፣ ከዚያም ሰፊ ጀርባ ብቅ ብሎ ጠለቀ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኦ!» አለ።

እነዚህ እንስሳት በሜክሲኮ ሞቃት ወሽመጦች ወልደው ወደ አላስካ ቀዝቃዛ ባሕር ለመብል ይወጣሉ፤ በየዓመቱ ደርሶ መልስ ከ16 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ እስከ ሰሜን ሳይዘልቁ በጋውን በኦሪገን ጠረፍ ያሳልፋሉ፤ እኛ ያየነው ከእነዚህ ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ የሚሄዱት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው አይርቃቸውም። ጥጃዋን ያስከተለች እናት ደግሞ ከዚያም ትዘገያለች። ባለቤቴ ይህን ከሰማ በኋላ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «እኛ ልጃችንን ስናሳድግ እርምጃችንን አልቀነስንም» አለ። መልስ አልሰጠሁትም፤ እጁን ብቻ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ሲነዳ አየሁት። በመንገዱ ዳር ዘገምተኛ መኪኖች ጠጋ ብለው ሌላውን የሚያሳልፉበት ቦታ በየተወሰነ ርቀቱ ተዘጋጅቷል። ከኋላችን መኪና ባየ ቁጥር ጠጋ ይልና «እለፍ ወንድሜ» ይላል። ሲያልፉ እጃቸውን አውጥተው ያመሰግኑታል። ያ ሁሉ ጥሩምባ የጠፋው እኛ ስለፈጠንን ሳይሆን ስላሳለፍን ነው።

በኒውፖርት የሚገኘውን ትልቅ ቅስት ድልድይ ለሁለተኛ ጊዜ ስናየው ታሪኩን አነበብን። ኮንዴ መከላው የተባለ መሐንዲስ የነደፋቸው አምስት ታላላቅ ድልድዮች በ1936 ተጠናቀው እስኪከፈቱ ድረስ፣ በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሰው በየወንዙ አፍ ቆሞ ጀልባ ይጠብቅ ነበር። አራቱ ድልድዮች ዛሬም ያገለግላሉ፤ የአልሲው ብቻ በ1991 በአዲስ ተተክቷል።

ከያሃትስ ከተማ በስተ ደቡብ ከባሕር በላይ 240 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ተራራ አለ፤ ኬፕ ፐርፔቱዋ ይባላል። ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው መርከበኛ ጀምስ ኩክ በ1778 ነው። ፐርፔቱዋ በሰሜን አፍሪካ፣ በካርቴጅ፣ በ203 ዓ.ም. ስለ እምነቷ የተገደለች፣ ሕፃን የምታጠባ ወጣት እናት ነበረች። በአሜሪካ ጠረፍ የአፍሪካዊት ሰማዕት ስም ማግኘታችን ገረመን። ከተራራው ጫፍ በ1930ዎቹ ከድንጋይ የተሠራ መጠለያ ውስጥ ተቀምጠን ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ባሕሩን ተመለከትን።

የአሸዋው ኮረብታ

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ፍሎረንስ ከምትባል ከተማ አጠገብ አደርን። ከዚያ ጀምሮ እስከ ኩስ ቤይ 64 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የአሸዋ ኮረብታ አለ። ከ1972 ጀምሮ በመንግሥት የተጠበቀ ቦታ ነው። ነፋሱ አሸዋውን ከባሕር እያነሣ ለሺህ ዓመታት ከምሮታል፤ ዛሬም ያንቀሳቅሰዋል።

በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ ምሳ በልቶ ተኛ። እስከ ማታ አልነቃም። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያደረገለት ነገር ምግብ ማቅረብ እንደነበር፣ ነቢዩም በልቶ መልሶ እንደተኛ አስታወስኩ። ታሪኩን ስንት ጊዜ ለሴቶች ኅብረት አስተምሬዋለሁ! ለገዛ ባለቤቴ ግን እንቅልፉን የሚጠብቅለት ሰው አልሆንኩትም ነበር።

በማግስቱ አሸዋው ላይ ወጣን። ስንወርድ ባለቤቴ እንደ ልጅ እየተንሸራተተ ወረደ። ከሥር ተቀምጠን ሳለ ስለ አባቱ አጫወተኝ። አባቱ ነጋዴ ነበሩ። ገበያ ሲሄዱ እሱን በስተ ኋላቸው ያስከትሉታል። ልጁ «እንፍጠን» ሲል እሳቸው «አህያዋ በምትችለው ልክ ነው የምንሄደው» ይሉታል። ዋርካ ሥር ሲደርሱ ጭነቱን አውርደው አህያዋን ያሳርፋሉ፤ እሱንም በጭናቸው ላይ ያስተኙታል።

«ይህን ነግረኸኝ አታውቅም» አልኩት።

«እኔም ረስቼው ነበር» አለኝ።

22 ዓመት አብሬው ኖሬ ያልሰማሁት ታሪክ ነበር። ለመስማት የፈጀብኝ ግን ግማሽ ሰዓትና አንድ የአሸዋ ኮረብታ ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጉዟችንን ጨርሰን በትልቁ አውራ ጎዳና ወደ ቤታችን ተመለስን። ሳንዲያጎን አላየንም። ካሊፎርኒያንም አልረገጥንም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሸፈንነው የኦሪገንን ጠረፍ ግማሽ ያህል ነው።

እንዲህ ለመጓዝ ለምታስቡ

በውጭ አገር የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወጥታችሁ ይህን ጉዞ የምታስቡ ካላችሁ ከስሕተታችን የተማርነውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ወቅት ምረጡ። በዚያ ጠረፍ በመስከረም አየሩ ብዙውን ጊዜ ያማረ ነው፤ ትምህርት ቤትም ስለሚከፈት ካምፖቹ እንደ በጋው አይጨናነቁም። በኦሪገን ግዛት ፓርኮች ቦታ ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ማስያዝ ይቻላል፤ ታዋቂዎቹ ቶሎ ይሞላሉ። እኛ ዕቅዳችንን ከቀደድን በኋላ ቦታ ያገኘነው ሌሎች በሰረዙት ላይና በግል ካምፖች ነው።

ሁለተኛ፣ ከመነሣታችሁ በፊት በየቁም ሳጥኑ ዙሩና መዘጋቱን አረጋግጡ፤ የጋዙንም መክፈቻ ዝጉ። የሽሮዬን ነገር አትርሱ! ስትቆሙም መኪናው በደልዳላ ቦታ መሆኑን እዩ፤ ባይሆን ከጎማው ሥር ጣውላ አድርጉ።

ሦስተኛ፣ ታንከሮቹን ስታራግፉ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ልቀቁ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከቱቦው ያጥበዋል። ጓንት አድርጉ። ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ አትተዉት፤ ሁለታችሁም ተማሩት።

አራተኛ፣ ባሕሩን አክብሩ። ውሃው በበጋም ቢሆን በጣም ቀዝቃዛ ነው። ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ፤ ሳይታሰብ ከሌሎቹ ርቆ የሚመጣ ማዕበል ሰው ጠርጎ ይወስዳል። በውሃ ዳር ያሉ ግንዶች ላይም አትቁሙ። በ1700 በዚህ ጠረፍ በደረሰ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት የተነሣው ማዕበል እስከ ጃፓን ደርሷል። ዛሬ በየመንገዱ ወደ ከፍተኛ ቦታ የሚያመለክቱ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። በምታድሩበት ሁሉ የማምለጫውን መንገድ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ምድር ብትናወጥ ማስጠንቀቂያ ሳትጠብቁ ወደ ከፍታው ሂዱ።

አምስተኛ፣ ቡና የምትቆሉ ከሆነ በደጅ ቁሉ!

የቤት መኪና ለማግኘት አቅሙ ወይም ዕድሉ የሌላቸው ብዙ አንባቢያን እንዳሉ አውቃለሁ። መኪናው ያደረገልን ዋና ነገር ሁለታችንን በአንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ማስቀመጡና መሮጥን መከልከሉ ነው። በር ዘግቶ፣ ስልክ አጥፍቶ፣ በአንዱ እርምጃ ልክ ሌላው እየተራመደ አንድ ከሰዓት በኋላ ማሳለፍ በየትኛውም ከተማ ይቻላል።

እኛ አሁን ከፍሪጁ ላይ ወረቀቱን አንሥተናል። ባለቤቴ የሥራ ሰዓቱን አስተካክሎ፣ እኔም ተራዬን ቀይሬ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሁለታችን ሆኗል። ሽማግሌዎቹም ሰኞ ስልክ ይቀበሉልናል። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። አሁንም እንጋጫለን፤ አሁንም አንዳንድ ሰኞ ያመልጠናል። ሆኖም ከጉዞው በተመለስን በሦስተኛው እሁድ ባለቤቴ አዲስ ስብከት ሰበከ። ከመስበኩ በፊት ቅዳሜ ማታ ለእኔ አነበበልኝ። ስለ አንድ ነጋዴ፣ ስለ አንድ ልጅና ስለ አንዲት አህያ ነበር የሚጀምረው።

ውድ ባለትዳሮች፣ ወዴት እንደምትሄዱ ከማቀዳችሁ በፊት አብሯችሁ የሚሄደው ሰው መከተል መቻሉን ዘወር ብላችሁ እዩ። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።